የተከበሩ ግድባችን

እንኳን ደስ አለን! የከተማችን የመጠጥ ውሃ ግድብ ሰሞኑን ስም ወጣለት። ስም አልነበረውም ለማለት አይደለም። ነበረው፤ ግን ያ ስም ከወንዙ ጋር አብሮ የኖረ፣ ቃለ ጉባኤ የሌለው፣ ማኅተም ያላረፈበት፣ አያቶቻችን በነፃ የሰጡን ስም ነው። በነፃ የተገኘ ነገር ደግሞ ክብር የለውም። ከእንግዲህ ግድባችን በምክር ቤት በሚወክሉን በተከበሩ ስም ይጠራል። ስማቸውን እዚህ የማልጽፈው ፈርቼ አይደለም። ግድቡን ስወቅስ እሳቸውን፣ እሳቸውን ስወቅስ ግድቡን የነካሁ እንዳይመስልብኝ ነው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚባለው መልአክ ጊዜ በነበረው ዘመን ነው። አሁን ኮሚቴ ያወጣዋል። ኮሚቴያችንም ሊመሰገን ይገባል። የተቃጠለውን የውሃ ፓምፕ ለመተካት ጨረታ ወጣ፣ ተሰረዘ፣ እንደገና ወጣ፣ ከዚያ «በውጭ ምንዛሪ እጥረት» ተብሎ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ታፔላው ግን ጨረታም ዶላርም ሳያስፈልገው ተሠራ፣ ተቀባ፣ ተተከለ። ውሃ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየተንጠባጠበ በሚመጣበት ከተማ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ማየት ዓይን ያበራል።

ምቀኛ መቼም አይጠፋም፤ «እሳቸው ግድቡን መቼ ሠሩት?» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ ግድቡ ሲሠራ የተከበሩ ገና ፊደል እየቆጠሩ ነበር። ነገር ግን ግድቡ መሠራቱን በንግግራቸው ጠቅሰዋል። ይህ ቀላል ነገር ነው? ስለ ውሃችንም አንድ ጊዜ ጥያቄ አንስተዋል፤ ጥያቄውም «በዘርፉ የተመዘገበውን አመርቂ ውጤት የበለጠ ለማስፋት ምን ታስቧል?» የሚል ነበር። ጠያቂው ራሱ መልሱን ይዞ የሚመጣበት ጥያቄ ስንት ጊዜ ይገጥማል?

የስያሜው ሥነ ሥርዓት የተካሄደው እዚያው ግድቡ አናት ላይ ነው። ድንኳን፣ ቀይ ምንጣፍ፣ ባነር፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የታሸገ ውሃ በመስመር ተደርድሯል። ከኋላ ግድቡ፣ ከፊት ፕላስቲኩ። የክብር እንግዳው በንግግራቸው መሀል ጉሮሯቸው ሲደርቅ፣ ለግድቡ ጀርባቸውን እንደሰጡ የጠርሙሱን ክዳን ቀጭ አደረጉና ተጎነጩ። ከዚያ «ውሃ ሕይወት ነው» አሉ፣ ጠርሙሱን ሳያስቀምጡ። ከኋላ የቆሙ ጎረምሶች ሳቁ። እኔ ግን ያየሁት አክብሮት ነው፤ የተከበሩን በገዛ ምርቃታቸው ዕለት ማን ደፍሮ ይጠጣቸዋል?

የኔ ጭንቀት ሌላ ነው፤ ፍትሕ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው። አንዱ ግድብ አግኝቶ ሌላው ባዶ እጁን ሊቀር ነው? ለ547 ሰው የሚበቃ ግድብ ደግሞ አገሪቱ የላትም። ስለዚህ ድልድል ያስፈልጋል። ለነባሮቹ ግድብ። ለመካከለኞቹ ኮረብታ ላይ ያሉት ሪዘርቫየሮች። ለአዲስ ገቢዎች ሮቶ። ሮቶው ካለቀ ቦኖ አለ፤ አንድ ቦኖ አራት ቧንቧ ካለው አራት የተከበሩ ያስተናግዳል፣ መክፈቻው የተነቀለው ቧንቧ ለተጠባባቂ ይያዛል። በምርጫ ዋዜማ ብቅ ለሚሉ ዕጩዎች ቢጫ ጀሪካን ይበቃል፤ ካላለፉ ጽሑፉን መፋቅ አይከብድም።

ያኔ አነጋገራችን ራሱ ማዕረግ ያገኛል። ማለዳ ቦኖው ጋ ጎረቤታሞች ሲገናኙ፦

«የተከበሩ መጡ እንዴ?»

«ሌሊት ብቅ ብለው ነበር፤ ወዲያው ሄዱ።»

«ጠርተው ነው ደፍርሰው?»

«ደፍርሰዋል እትዬ። ትንሽም ይሸታሉ። አፍልተው ነው የሚጠቀሙባቸው።»

ውሃና ፍሳሽም ማስታወቂያ ይለጥፋል፦ «የተከበሩ ስለሚታጠቡ ከሰኞ እስከ ረቡዕ አይኖሩም። ለሚፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።» የዓመቱ ሪፖርት ይቀርባል፦ «የተከበሩ ከሚሰበስቡት ብዙው መንገድ ላይ ይቀራል፤ የት እንደሚገባ አልተደረሰበትም።» ጥበቃው ዱላውን ይዞ ልጆቹን ያባርራል፦ «ውጡ ከተከበሩ ውስጥ! የተከበሩ ላይ ልብስ ማጠብ ክልክል ነው ተብሏል!» እረኛው ከብቶቹን ወደ ተከበሩ ይነዳል፤ ላሟ ጠጥታ ስትጠግብ ምን እንደምታደርግባቸው አልናገርም። አንድ ቀን ደግሞ በምሽቱ ዜና «የተከበሩን እምቦጭ ወረራቸው» ይባላል። እምቦጭ ማዕረግ አይቶ አይመለስም፤ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1950ዎቹ መጨረሻ ቆቃ ላይ ነው፣ ቆቃ ደግሞ በዘመኑ ትልቅ ስም የነበረው ግድብ ነው።

ደለሉስ? ተራራው ከላይ እየተራቆተ ነው፤ አፈሩ በየክረምቱ ታጥቦ ይወርዳል፣ ግድቡም ከሥሩ ጭቃ እየሞላ ይሄዳል። ውሃው በተከበሩ ስም ከተሰየመ ደለሉ በማን ስም ሊሰየም ነው? እኔ የስያሜ ኮሚቴውን ሰብሳቢ እጠቁማለሁ። ያለ ድምፀ ተአቅቦ።

ይህ ጥበብ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖቹ ኮሎራዶ ወንዝ ላይ የሠሩትን ያን ግዙፍ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1930 በወቅቱ ፕሬዚዳንት በሁቨር ስም ጠሩት፤ በ1933 ሌላ አስተዳደር ሲመጣ ቦልደር ሆነ፤ በ1947 ኮንግረስ ተሰብስቦ መልሶ ሁቨር አለው። ኮንክሪቱ ያው፣ ወንዙም ያው። ጆርጂያና ሳውዝ ካሮላይና ድንበር ላይ ያለው የክላርክስ ሂል ግድብ ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ወንበራቸው ላይ በነበሩት በሴናተር ስትሮም ተርመንድ ስም ተሰየመ። በጆርጂያ በኩል ግን እስከ ዛሬ ክላርክስ ሂል የሚለው ብዙ ነው። አትላንታ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ቅዳሜ ዓሣ ልታጠምዱ ስትወጡ የቆማችሁበትን ዳር አይታችሁ ጥሩት። እዚሁ አህጉራችን ላይም በ1970ዎቹ አልበርት ሐይቅ «ሞቡቱ ሴሴ ሴኮ»፣ ኤድዋርድ ሐይቅ «ኢዲ አሚን» ተብለው ነበር። ሰዎቹ ከሥልጣን ሲወርዱ ስሞቹም ተከትለዋቸው ወረዱ፤ ሐይቆቹ ግን ወዴትም አልሄዱም።

ስም ለመኖር ውሃ እንደማያስፈልገው ያስተማረን ግን የራሳችን ሐሮማያ ነው። የሐረር ከተማ ይጠጣው የነበረው ያ ሐይቅ በኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሲደርቅ ስሙ ካርታው ላይ ሰማያዊ እንደተቀባ ቀረ። ኮሚቴያችን ይህን ሳያጠና አልቀረም።

አንድ ነገር ላይ ግን ሽሙጡ አልወጣ አለኝ። ያ የድሮው ስም የግድቡ ስም አልነበረም፤ የሰፈር ስም ነበር። ግድቡ ሲሞላ ቤቱም፣ የጤፍ ማሳውም፣ የእናት የአባት መቃብሩም ውሃ ውስጥ ገባ። ሰዎቹ ካሳ የተባለውን ጥቂት ብር ይዘው ተበተኑ። ዛሬ ከእነሱ መሀል እዚሁ ከተማ ውስጥ ቦኖ ላይ ተሰልፈው የገዛ ሸለቋቸውን ውሃ በጀሪካን የሚገዙ አሉ። ከዚያ ሁሉ የቀረላቸው ስሙ ብቻ ነበር፤ «አንተ የየት አገር ሰው ነህ?» ሲባሉ የሚጠሩት። እሱንም ወሰዳችሁት! አንዳቸውንም ጠርታችሁ አልጠየቃችሁም። «በጭብጨባ ጸደቀ» ስትሉ ያጨበጨበው የማን እጅ ነው? የሰው ቤት አስጥሞ፣ በላዩ ላይ የሌላ ሰው ስም መጻፍ ምን ተብሎ ነው ክብር የሚባለው? ነውር ነው። የለየለት ነውር!

በሉ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ፌስቡክ ላይ የታፔላውን ፎቶ ለጥፎ «ይገባዎታል ጌታዬ፣ ሲያንስዎት ነው!» ያለው ወንድማችንም ሳይመሰገን አይለፍ። ይህን የጻፈው ውሃ ወጥቶበት ከማያውቅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባልዲ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ አረፍ ባለበት መሆኑን የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤቶቹ ነግረውኛል። እንዲህ ያለ ጽናት በየትኛው ግድብ ስም ይከፈላል? መርቁ ተብለው የተገኙት፣ ምርቃቱን ጨርሰው «ውሃውስ መቼ ይመጣል?» ያሉት አባትም ከፕሮግራሙ ውጪ ስለተናገሩ ማይኩ በጨዋነት ተወስዶባቸዋል፤ የመድረክ መሪዎቻችን በቅርቡ በጣም ሠልጥነዋል።

ለታፔላ ሠሪው የሙያ ምክር ብጤ አለኝ። ወንድሜ፣ ታፔላውን በብየዳ አታጣብቀው፤ በብሎን እሰረው። ከስሙ ቀጥሎ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ተው፤ የሚቀጥሉት ተመራጭ እስከ አያታቸው ካልተጻፈልኝ ሊሉ ይችላሉ። ሲነሣም ብረቱን እንዳትጥለው። ጀርባው ገና አልተቀባም።