ጆይ ይመለስ ወይስ ይቅር? ስለ ዣን ፓቱ ሽቶዎች የቀረበ ክርክር

የፓሪሱን ዣን ፓቱ ቤት በ2018 ኤልቪኤምኤች የተባለው የቅንጦት ዕቃ ኩባንያ ገዛው። ዝነኛው ጆይና ሌሎቹ የቤቱ ሽቶዎች ከገበያ ወጡ። ታዲያ ጆይ እንደገና ተሠርቶ ይሸጥ? ሁለት ሽቶ ወዳዶች ተከራክረዋል። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይመለስ ባይ፦ ጆይ በ1930 ሲወጣ የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ (ዎል ስትሪት) ውድቀት የፓቱን አሜሪካውያን ደንበኞች ኪስ አራቁቶ ነበር። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ዋጋ ይቀንስ ነበር። ፓቱና ቀማሚው አንሪ አልሜራ ግን ለወጪ አልሳሱም። ለ30 ሚሊ ሊትር 10,600 የጃስሚን አበባና 28 ደርዘን ጽጌረዳ ይገባበታል ተባለ። "የዓለም ውዱ ሽቶ" ተብሎም ተሸጠ። እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ ኩባንያ ውሳኔ ድራሹ ሊጠፋ አይገባም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ ነው። በዚያው በ2018 የዚያው ኩባንያ ንብረት የሆነው ዲዮር ፍጹም የተለየ ሽቶ አወጣና ጆይ አለው። ዛሬ ወጣቶቹ የሚያውቁት ያንን ብቻ ነው።

ይቅር ባይ፦ እህቴ፣ በስሙ ነገር ካንቺ ጋር ነኝ። ግን ሽቶውን በምን ሊሠሩት ነው? ጃስሚኑና ጽጌረዳው ይበቅል የነበረው በደቡብ ፈረንሳይዋ ግራስ ከተማ ዙሪያ ነው። ብዙው መሬት ዛሬ ቪላ ተሠርቶበታል። ከተረፈው እርሻ ትላልቆቹ ቤቶች በኮንትራት የያዙት አለ።

ከጥርኝ የሚገኘውን ዝባድም አንርሳ። ከእነዚያ የድሮ የአበባ ሽቶዎች ሥር የሚሸተው የእንስሳ ጠረን የጥርኝ ነው፤ ጆይም ውስጥ ነበረ። ለፈረንሳይ ቀማሚዎች ዋናዋ አቅራቢ ደግሞ አገራችን ነበረች። ከከፋ፣ ከጅማ፣ ከኢሉባቦር በቀንድ ታሽጎ ይወጣ ነበር። ጥርኙ መዞሪያ በሌለው ጠባብ ማጎሪያ ውስጥ ይዘጋበታል። ዝባዱ በየጊዜው እየተፋቀ ይወሰዳል። ለአንድ ጠርሙስ ብሎ ይህን ማስቀጠል ለእኔ ነውር ነው።

ይመለስ ባይ፦ ስለ ጥርኙ ልክ ነህ፤ እኔም አልፈልገውም። ግን መልስ ያለው ጉዳይ ነው። ለዝባድ ጠረኑን የሚሰጠውን ሲቬቶንን ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1926 ምንነቱን ለይቶታል። ዛሬ በላቦራቶሪ ይሠራል። መመለስ ይቻላል ወይ ካልክ ደግሞ ቤቱ ራሱ አድርጎታል። በ1984 የፓቱ ቀማሚ ዣን ኬርሌዮ 12 የተቋረጡ ሽቶዎችን መልሶ ሠራ። የ1925ቶቹ አሙር አሙርና አዲዩ ሳዤስ ሳይቀሩ ተመልሰዋል።

ይቅር ባይ፦ እነሱስ አሁን የት አሉ? ቤቱ በ2001 ለፕሮክተር ኤንድ ጋምብል፣ በ2011 ለዲዛይነር ፓርፋምስ ተላለፈ። ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ እነሱም ጠፉ። ኬርሌዮ ራሱ ከሌሎች ቀማሚዎች ጋር ሆኖ በ1990 ቬርሳይ ውስጥ ኦስሞቴክ የተባለውን የሽቶ ማኅደር አቋቋመ። እዚያ ሽቶው በ12 ዲግሪ፣ ብርሃን ሳያገኘው፣ በአርጎን ጋዝ ተጠብቆ ይቀመጣል። ሄደህ ታሸታለህ እንጂ አትገዛም። ነጋዴ ስለማይነካው እውነተኛው ሽቶ የሚተርፈው እዚያ ነው።

ይመለስ ባይ፦ ወንድሜ፣ ኦስሞቴክን አከብራለሁ። ግን በወረቀት ቁራጭ ላይ ማሽተት ሽቶን ማወቅ አይደለም። ሽቶ የሚገለጠው በገላ ሙቀት ነው። ጠዋት የተቀባሽው ማታ ሌላ ጠረን ይሆናል። ያንን ለማየት አብሮ መዋል ያስፈልጋል። አበባ የለም የምትለውም ለኤልቪኤምኤች አይሠራም። ግራስ ውስጥ የራሱ የሽቶ ማዕከል አለው። የፋሽን ቤቱንም በ2019 ፓቱ ብሎ እንደገና አስጀምሮታል። ልብሱን ካስነሳ ሽቶውን ምን ከለከለው? በዓመት ጥቂት ጠርሙስ ብቻ ይሁን፣ ውድም ይሁን። ድሮም ርካሽ አልነበረም።