«ድጋሚ አስኪደው፣ ያልፋል» ማለት ይብቃን!

እኔ የምለው፣ ቴስት፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው ትንሽ ፕሮግራም፣ ወድቆ ቀይ ባየን ቁጥር «ድጋሚ አስኪደው፣ ያልፋል» የምንባባለው እስከ መቼ ነው? ደብረ ብርሃን ውስጥ በሶፍትዌር ሥራ ላይ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ይህን አባባል ያልሰማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። የወደቀው የትኛው ነው፣ ለምንስ ወደቀ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የስህተቱን መልእክት እስከ መጨረሻው የሚያነብ የለም። አንዱ ቁልፉን ደግሞ ይጫናል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው አረንጓዴ ይሆናል፣ ኮዱ ከዋናው ጋር ይዋሃዳል፣ ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል። ደክሞኛል። በእውነት ደክሞኛል።

የምንሠራው እኮ የቁጠባና ብድር ማኅበራት የሚጠቀሙበት ሥርዓት ነው! ተበዳሪዎቹ የመንዝ፣ የጣርማበር፣ የባሶና ወራና፣ የአንጎለላ ገበሬዎች ናቸው። ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ተበድረው፣ እህሉ ተወቅቶ ሲሸጥ የሚከፍሉ ሰዎች። ከመሐል ሜዳ በአውቶብስ የመጡ እናት የያዙት ደብተርና ኮምፒውተሩ የተለያየ ቁጥር ሲያሳዩ፣ የሚታመነው ኮምፒውተሩ ነው። እሳቸው ኮዱን ገልጠው ሊከራከሩ አይችሉም። እኛ ቢሮ ውስጥ ስለ እሳቸው የሚከራከርላቸው ቴስቱ ብቻ ነው።

ሰሞኑን ያገኘሁትን ልንገራችሁ። የወለድ ስሌት ቴስቶች የተሰበሰቡበት አንድ ፋይል አለ። በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ የጻፈው ልጅ ጎበዝ ባለሙያ ነበር፣ አሁን ሌላ ቦታ ሄዷል። ቴስቶቹን ሰብስቦ ለማስኬድ የምንጠቀመው ፓይተስት የሚባለውን መሣሪያ ነው። ፓይተስት ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር የሚሰበስበው ስማቸው በ«ቴስት» የሚጀምር ወይም በ«ቴስት» የሚያልቅ ፋይሎችን ብቻ ነው፤ «ቴስት»ን ከቀረው ስም የምትለየው የሥር ሰረዝም (_) ቦታዋን መያዝ አለባት። ያ ፋይል የሚያልቀው በ«ቴስትስ» ነው። አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል መጨረሻው ላይ ተጨምራለች፣ በቃ። መሣሪያው ፋይሉን አላየውም፤ ስህተት አለ ብሎም አልጮኸም፤ ዝም ብሎ አለፈው። ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አልተፈጸመም። ማኅበራቱ ግን የወለድ ስሌቱ ተፈትሿል ተብለው ሥርዓቱን ተረክበዋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። የፋይሉን ስም አስተካክዬ ሳስኬደው ከውስጡ ጥቂቶቹ ወደቁ። መውደቃቸውም ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ዋናው ስሌት ነው።

የስም አወጣጥ ደንብ ይኑረን ባልኩ ቁጥር «ይህ የፊደል ጉዳይ ነው፣ አታክብደው» ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ ያ ፋይል ነው።

ከዚያ ደግሞ «አንዳንዴ የሚወድቅ» የሚባለው ቴስት አለ። ያለ ምክንያት አንዳንዴ የሚወድቅ ነገር የለም! ምክንያቱ አልተፈለገም እንጂ አለ። የመክፈያ ቀናቸው ያለፈ ብድሮችን የሚለየው ቴስታችን ስንት ጊዜ «ልማዱ ነው» ተብሎ ታልፏል። መዝገቡን ቁጭ ብሎ ላየ ሰው ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሚወድቀው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲፈጸም ብቻ ነው። ቴስቱ የሚፈጸምበት ሰርቨር የሚሠራው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እኛ ዘንድ እኩለ ሌሊት አልፎ ቀኑ ሲቀየር፣ እሱ ለ3 ሰዓት ያህል ገና ትናንት ላይ ነው። ሌሊት ሲሠራ ያደረ ሰው ኮዱን ሲልክ ይወድቅበታል፤ ጠዋት ሌላው ተነሥቶ ሲያስኬደው ያልፋል። ያው ስህተት ደግሞ በዋናው ሥርዓት ውስጥም አለ። በዚያ ሰዓት በስልኩ የከፈለ ሰው ገንዘቡ በትናንት ቀን ይመዘገብለታል፤ ሂሳብ ሠራተኛዋ በማግሥቱ የዕለቱ ሂሳብ አልገጥም ብሏት ስትዳክር ትውላለች። ቴስቱ እውነቱን ሲነግረን ነበር፤ የሰማው የለም።

መፍትሔው በየትኛውም መሣሪያ ይሠራል። ኮዱ ሰዓቱን ራሱ ሄዶ አይጠይቅ፤ «ዛሬ» የሚባለው ቀን ከውጭ ይሰጠው። ያኔ ቴስቱ የፈለገውን ቀንና ሰዓት ሰጥቶ ይፈትሻል፣ በሌሊትም በቀንም አንድ ዓይነት መልስ ያገኛል። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚወድቁት የአጭር መልእክት ቴስቶችም እንዲሁ ናቸው። የወለድ ማስታወቂያ መላኩን ለመፈተሽ እውነተኛ መልእክት ወደ እውነተኛ ስልክ መላክ ምን የሚሉት ነገር ነው?

ጳጉሜንስ ማን ይፈትሻት? ያሉን የቀን ቴስቶች ከሞላ ጎደል ጥርና የካቲት ላይ ናቸው። በ13 ወር የሚቆጥር ሕዝብ የሚጠቀምበትን ሥርዓት እየሠራን 13ኛውን ወር የነካው አንድም ቴስት የለም። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ 6 ትሆናለች። በ2015 ዓ.ም. 6 ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 የዋለው በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 12 ነው። እኛ ጋ ግን መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የሚያረጋግጥ ቴስት አለ፤ አረንጓዴ ሆኖ የተሳሳተ ነገር ይመሰክራል። በ2019 ደግሞ ጳጉሜ እንደገና 6 ቀን ናት። ወርኃዊ ወለድ ለጳጉሜ ሙሉ ይታሰባል? በቀን ይከፋፈላል? ወይስ ጭራሽ አይታሰብም? ይህን የሚወስነው ማኅበሩ ነው። የተወሰነውን ደግሞ ሰው ቢለቅ፣ ቡድን ቢቀየር እንዳይጠፋ አድርጎ ማቆየት ያለበት ቴስቱ ነው።

ለሙከራ የምናስገባውን መረጃም እዩት። ከኢንተርኔት እንደወረደ «ጆን ስሚዝ» ነው የሚለው። ከተበዳሪዎቻችን አንድም እንዲህ የሚባል የለም። ወለተ ማርያም አሉ፣ ገብረ ሥላሴ አሉ። ስምን ባዶ ቦታ ባገኘበት የሚቆርጠው ኮዳችን «ወለተ»ን የራስ ስም፣ «ማርያም»ን የአባት ስም አድርጎ ያስገባል፤ እውነተኛው የአባት ስም መግቢያ ያጣል። አንዱ ጸሐፊ «ሥላሴ» ብሎ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው «ስላሴ» ብሎ በእሳቱ ሰ ሲጽፍ ደግሞ አንድ ገበሬ ሁለት ተበዳሪ ሆኖ ይወጣል፣ የአንዱ ክፍያ በሌላው ላይ አይታይም። ይህን ሁሉ «ጆን ስሚዝ» ሊያሳየን አይችልም። የሙከራ ስሞቹ የአገሩ ስሞች ይሁኑ ማለት ይህን ያህል ከባድ ጥያቄ ነው?

የቴስቶቹ ስም ራሱ «ቴስት 1»፣ «ቴስት 2»፣ «አዲስ ቴስት»፣ «አዲስ ቴስት የመጨረሻ» ነው። አንዱ ሲወድቅ የሚነግረን «እውነት ይጠበቅ ነበር፣ ሐሰት ተገኘ» ብቻ ነው። የምን እውነት? የማን ብድር? ስሙ «የመክፈያው ቀን ጳጉሜ ላይ ሲውል ቅጣት አይጣልም» ቢል ኖሮ፣ ገና ስሙን ስናነብ የት እንደምንሄድ እናውቅ ነበር። ከውስጥም መጀመሪያ መረጃው ይዘጋጅ፣ ከዚያ አንድ ድርጊት ይፈጸም፣ በመጨረሻ ውጤቱ ይረጋገጥ። ሦስቱ በባዶ መስመር ይለዩ። አንዱ ቴስት ሌላው ትቶት የሄደውን መረጃ አይጠብቅ፤ ቅደም ተከተላቸው ሲቀየር የሚወድቁ ቴስቶች ስላሉን ነው ይህን የምለው።

«ጊዜ የለም» ትሉኛላችሁ። ለድጋሚ ማስኬጃው የሚባክነው ጊዜ ከየት መጣ? መሣሪያ አጣን እንዳንል፣ የሶፍትዌር ባለሙያዎቹ ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ ጄዩኒት የተባለውን የጃቫ ቴስት ማስኬጃ በአውሮፓውያኑ 1997 ከጻፉ ወዲህ በየፕሮግራም ቋንቋው ነፃ መሣሪያ ሞልቷል። ለሪፖርት የሚቀርበው የሽፋን መቶኛ፣ ማለትም ቴስቶቹ ከኮዱ ስንት በመቶውን እንዳስኬዱ የሚያሳየው ቁጥር፣ ደግሞ አያታልላችሁ። ኮዱን ጠርቶ ምንም ሳያረጋግጥ የሚወጣ ቴስት መቶኛውን ከፍ ያደርጋል፤ አንድም ስህተት ግን አይዝም። እንዲህ ያሉት በእኛ ፕሮጀክት ውስጥ በብዛት አሉ፤ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

ሰኞ በሚደረገው ስብሰባ አንድ ገጽ ደንብ አቀርባለሁ። ቀይ ሲመጣ ምክንያቱ ሳይጻፍ ድጋሚ ማስኬድ አይፈቀድም። ምክንያቱ ለጊዜው ያልተገኘለት ቴስት ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ስምና ቀነ ገደብ ተጽፎበት ለብቻው ይቀመጥ። ስህተት ያረመ ሁሉ፣ ከእርማቱ በፊት የሚወድቅ ከእርማቱ በኋላ የሚያልፍ ቴስት አብሮ ያምጣ። ይህን ያላሟላ ኮድ እኔ ዘንድ ከመጣ አላጸድቀውም፤ ማንም ቢቆጣ። ሌላ ቡድን ውስጥ ያላችሁ፣ የተጻፈ ደንብ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። በተለይ ጳጉሜ 6ን የሚፈትሽ ቴስት የጻፈ ካለ፣ እባካችሁ፣ 2019 ከማለቁ በፊት።