ክሌመንት ጎዳናስ?

«ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጥሩ የቻይና ምግብ ከቻይናታውን ውጭ አይገኝም» የሚለው የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አልተዋጠልኝም። ጸሐፊው ሪችመንድ ሰፈር፣ ክሌመንት ጎዳና የረገጠ አይመስለኝም። ከ1965 (እ.ኤ.አ.) የኢሚግሬሽን ሕግ ወዲህ ብዙ የቻይና ቤተሰቦች ወደ ሪችመንድና ሰንሴት ሰፈሮች ገብተዋል፤ ምግብ ቤቱም ሰዉን ተከትሎ ነው የሄደው። እኔ ምግብ ቤት የምመርጠው በሃር ጋው (ሽሪምፕ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚሠራ ምግብ) ነው፦ በእንፋሎት የበሰለው ሊጥ ስስ ሆኖ የሽሪምፑ ሮዝ መልክ በውስጡ መታየት አለበት፣ በቾፕስቲክ ሲነሳም መቀደድ የለበትም። ከተቀደደ ሻዬን ጠጥቼ እወጣለሁ። ደግሞ ዲም ሰም (እንደ ሃር ጋው ያሉ ትናንሽ ምግቦች ከሻይ ጋር የሚበሉበት ማዕድ) የጠዋት ነገር ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሄዶ «ደረቀብኝ» ማለት አያምርም። ከላይ በአስተያየትህ «አስተናጋጆቹ ፊት አይሰጡም» ያልከው ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፣ ግን ቅዳሜ ረፋድ ላይ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ክብ ጠረጴዛ ከበው፣ በር ላይ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ቆሞ ሲጠብቅ ማን ፈገግ ይልልሃል? ግድግዳው ላይ በቻይንኛ ብቻ ተጽፎ የተለጠፈውን የምግብ ዝርዝር እያሳየህ ምን እንደሆነ ጠይቃቸው፣ ያኔ ፊታቸው ይፈታል። እኔ በእንፋሎት የበሰለ ሙሉ ዓሣ ከዝንጅብልና ከቀይ ሽንኩርት ቅጠል ጋር ያገኘሁት እንደዚያ ነው። ክሌመንት በ38 ቁጥር አውቶቡስ ጊሪ ጎዳና ላይ ወርደህ አንድ ብሎክ ወደ ሰሜን ብቻ ነው።