ሩቅ ማየትና ለይቶ ማየት

ክርክሩን ያስነሳው ከቴክሳስ ለእረፍት የመጣ የሰፈራችን ልጅ ነው። ደሴ፣ ሸዋበር አካባቢ፣ አንድ መምህር ወዳጃችን ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ሁለት ዕቃ አሳየን። ሁለቱም ጠመንጃ ላይ የሚገጠሙ ቴርማል ስኮፖች፣ ማለትም በሙቀት አማካይነት በጨለማ የሚያሳዩ ማነጣጠሪያዎች ናቸው። «ተመልሼ ስሄድ አንዱን ልገዛ ነው። የመጀመሪያዬ ስለሆነ ግራ ገብቶኛል። የቱን ልያዝ?» አለ። አቦሉም ቶናውም በዚሁ ወሬ አለቀ።

ለምን እንደፈለገው መጀመሪያ አስረዳን። ቴክሳስ ውስጥ አምልጠው ዱር የገቡና እዚያው የተዋለዱ አሳማዎች አሉ። ከ2 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ሌሊት ሌሊት በመንጋ እየገቡ እርሻ ይገለብጣሉ። ሕጉም አይራራላቸውም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለመሬቱ እስከፈቀደ ድረስ በግል መሬት ላይ ያለ አደን ፈቃድ መተኮስ ይቻላል፣ ሌሊትም ቢሆን። አጋዘን ግን በሌሊት አይነካም። አንድ ባለ እርሻ የሥራ ባልደረባው «ና አግዘኝ» ብሎታል።

«ይሄማ የኛው ከርከሮ ነው» አሉ አጎቱ። ከሐርቡ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው። «ማሽላው ሊደርስ ሲል እኛም ማማ ላይ ነው የምናድረው። ቀን ወፍና ዝንጀሮ፣ ሌሊት ደግሞ ጃርትና ከርከሮ። እንቅልፍ የሚባል የለም ወላሂ።»

ስልኩ ላይ ያሉት ሁለት ስኮፖች በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ። የሁለቱም ሌንስ 35 ሚሊሜትር ነው። ሙቀቱን የሚቀበለው ክፍላቸው፣ ሴንሰሩ፣ ላይ ያሉት ነጥቦችም በሁለቱም እያንዳንዳቸው 12 ማይክሮሜትር ናቸው። የነጥቦቹ ብዛት ግን በአንዱ ወርዱ 384 ቁመቱ 288 ነው፣ በሌላው 640 በ512። ዋጋቸው ግን በጣም ይራራቃል። ሁለቱም ማስታወቂያ ላይ «1,800 ሜትር ያሳያል» ተብሎ ተጽፏል።

ጡረታ የወጡት የመቶ አለቃ አላመነቱም። «640ውን ግዛ። በመሣሪያ ቀልድ የለም። ሩቅ ያየ ነው የሚያሸንፍ። በኔ ጊዜ የነበረው አረንጓዴ መነፅር ጨረቃ ከሌለች ዋጋ አልነበረውም።»

ሞባይልና ካሜራ የሚጠግነው ጓደኛችን ከዚህ ላይ ገባ። «ጋሼ፣ እሱና ይሄ አንድ አይደሉም» አለ። የርስዎ አረንጓዴ ያለችውን ትንሽ ብርሃን አጉልቶ የሚያሳይ ነው። ቴርማል ግን ብርሃን አይፈልግም። ከእንስሳው ገላ የሚወጣውን ሙቀት ነው የሚያነበው። ሌንሱ እንኳ መስታወት አይደለም፣ ጀርማኒየም ነው፤ መስታወት ያንን ሙቀት አያሳልፍም። ልጁም አረጋገጠለት። የባልደረባውን ስኮፕ መኪና ውስጥ ሆኖ በተዘጋ መስኮት ሊያይበት ሲሞክር የታየው የራሱ ፊት ጥላ ብቻ ነው።

የመቶ አለቃው ግን አልለቀቁም። «እሺ ብርሃን አይፈልግ። 640 ከ384 ይበልጣል አይበልጥም?»

ጠጋኙ የስልኩን ካልኩሌተር ከፈተ። እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ይህ ክፍል ነው። 12 ማይክሮሜትርን ለ35 ሚሊሜትር አካፈለና በ100 ሜትር አባዛው። 3.4 ሴንቲሜትር መጣ። ይህ ማለት 100 ሜትር ላይ አንዷ ነጥብ 3.4 ሴንቲሜትር ትሸፍናለች። 200 ሜትር ላይ ወደ 7 ሴንቲሜትር። 384ቱም 640ውም ላይ ሒሳቡ አንድ ነው፤ ሌንሱም ነጥቡም እኩል ነውና። እስከ ትከሻው 70 ሴንቲሜትር የሚቆም አሳማ 100 ሜትር ላይ በሁለቱም 20 ነጥብ ያህል ቁመት አለው። 300 ሜትር ላይ በሁለቱም 7 ነጥብ እንኳ አይሞላም።

«ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ ለምኑ ነው?» አለ ልጁ።

«ለስፋቱ» አለ ጠጋኙ። 384ቱ 100 ሜትር ላይ 13 ሜትር ስፋት ያሳያል። 640ው 22 ሜትር ያሳያል። ሩቅ አያደርስህም፣ ጎንና ጎኑን ነው የሚጨምርልህ።

የመቶ አለቃው ከዚህ ላይ ጥሩ ነገር ተናገሩ። ስፋት ቀላል ነገር አይደለም አሉ። መንጋ ሲበረግግ በጠባብ ቀዳዳ የሚያይ ሰው አንዱን ሲከተል ሌላው ከየት እንደመጣ አያውቅም። ከኋላው ምን እንዳለም አያይም። ጠጋኙም አልካደም። ብቻ ሰው 640 ሲገዛ ርቀት የገዛ እንዳይመስለው ነው የፈለገው። ማጉሊያውንም እንዲሁ። ቁልፍ ተጭነህ ወደ 8 ወይም ወደ 16 እጥፍ ስታወጣው ያችው ነጥብ ናት የምትሰፋው፤ አዲስ ነገር አይጨመርበትም።

«1,800 ሜትሩስ?» አልኩት እኔ።

መልሶ አሰላው። እዚያ ርቀት ላይ አንዷ ነጥብ 62 ሴንቲሜትር ትሆናለች። ቆሞ የሚሄድ ሰው ቁመቱ ሦስት ነጥብ አይሞላም፣ ወርዱ አንድ ነጥብ ቢሆን ነው። ማስታወቂያው አልዋሸም። የሆነ ሙቀት ያለው ነገር እዚያ መኖሩን ታያለህ። ሰው ይሁን ጥጃ ግን አታውቅም። በ1958 እ.ኤ.አ. ጆን ጆንሰን የተባለ የአሜሪካ ጦር ተመራማሪ ይህንኑ በልክ አስቀምጦት ነበር። አንድ ነገር መኖሩን ለማወቅ ሁለት ነጥብ ያህል ይበቃል። ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ለመገመት 8 ያስፈልጋል። ለይቶ ለማወቅ 13 ያህል። ያውም ግማሽ በግማሽ ዕድል ነው፣ እርግጠኛነት አይደለም። ለዚያ ባለ 70 ሴንቲሜትር አሳማ 13 ነጥብ የሚሞላው 155 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

አጎትየው እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው ነበር። ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ እኔን እንዴት ነው የምታየኝ?» አሉት።

«እንዴት ማለት አጎቴ?»

«ሌሊት ማማ ላይ ስቀመጥ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ነው። ሲበርደኝ ወርጄ ማሽላው ሥር ኩርምት እላለሁ። በዚያ በመነፅርህ ስታየኝ ምን እመስላለሁ?»

ልጁ ወዲያው አልመለሰም። ጠጋኙ ነው የመለሰው። ጋቢው ሙቀቱን ስለሚይዘው ከውጭ ቀዝቃዛ ነው። የሚበራው ፊትና እጅ ብቻ ነው። ኩርምት ያለ ሰው ቁመቱ ከአሳማ ብዙም አይበልጥም። የማሽላው ቅጠል ደግሞ ይቆራርጠዋል። 200 ሜትር ላይ ከቅጠል መሀል የሚበራ አንድ ቁራጭ ነገር ነው የሚታየው።

«አየህ» አሉ አጎትየው። «ያም አገር ገበሬ አለው።»

የመቶ አለቃው ራሳቸው ዝም አሉ። ከዚያ ልጁ እዚያ የተማረውን አንድ ሕግ ነገረን። ጠመንጃ ላይ በተገጠመ ስኮፕ አካባቢ አይቃኝም። ስኮፑ ወደ ዞረበት ሁሉ አፈሙዙም ይዞራልና። የጎረቤት ሰው፣ የጎረቤት ላም፣ ያ ባለ እርሻ ራሱ ሳይቀር ኢላማ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ለመቃኘት በእጅ የሚያዝ አነስተኛ ቴርማል ይያዛል። ጠመንጃው የሚነሳው በእሱ ታይቶ ከተለየ በኋላ ነው። «ግን ለሁለቱም ገንዘብ የለኝም» አለ።

ሌሎች ነገሮችም ተነሱ። የሙቀት ልዩነትን የመለየት አቅሙ በሚሊኬልቪን፣ ማለትም በዲግሪ አንድ ሺህኛ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል። ይህ የሚጠቅመው ጉምና እርጥበት ባለበት ሌሊት ነው፤ ሁሉም ነገር ተመሳስሎ ሲደበዝዝ። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አጎትየው ደግሞ የሐርቡ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ እስከ ሌሊት እንደሚይዝ አስታወሱን። በስኮፕ ሲታይ የተኛ እንስሳ ሊመስል ይችላል። ስኮፑን ከጠመንጃው ጋር ለማስማማት የወረቀት ኢላማ አይበቃም፤ ከዙሪያው ጋር እኩል ስለሚቀዘቅዝ አይታይም። ወይ የሚሞቅ ነገር መሀሉ ላይ ይለጠፋል፣ ወይ ፎይል፤ ፎይል የሰማዩን ቅዝቃዜ ስለሚያንፀባርቅ ጎልቶ ይወጣል።

የቤቱ ባለቤት መምህሩ በመጨረሻ «ለኛም አንድ አምጣልና» ያለውን ሰው ተቆጣ። ልጁም ማምጣት አልችልም አለ። የጠመንጃ ቴርማልን ከአሜሪካ ያለ መንግሥት ፈቃድ ማስወጣት ወንጀል ነው። እኛ ዘንድም የጦር መሣሪያው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ የዱር እንስሳውም በራሱ አዋጅ የተያዘ ነው። ያለ ፈቃድ አደን የለም። መምህሩ ግን ከሕጉ ይልቅ ያንገበገበው ሌላ ነገር ነው። ቦረና ሳይንትና አቡነ ዮሴፍ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም ይባላል። በሩቁ ከእረኛ ውሻ የሚለየው በተለይ በቀለሙ ነው፣ ቴርማል ደግሞ ቀለም አያይም። «በዚህ ዕቃ አንድ ጎረምሳ ተራራው ላይ ቢወጣ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ አስበው» አለ። እኔም ከሱ ጋር ነኝ። ይህ ዕቃ ተራራችን ላይ ባይደርስ እመርጣለሁ።

ስለ ልጁ ጥያቄ ግን የኔን ፍርድ ልናገር።

የመቶ አለቃው ስለ ስፋት ያሉት እውነት ነው፤ ጠጋኙ ስለ ርቀት ያለውም ትክክል ነው። ግን ለምርጫው መነሻ መሆን ያለበት የአጎትየው ጥያቄ ነው። እዚያ የሚበራው ነገር ማን ነው? ይህን የማይመልስ ዕቃ 2 ኪሎ ሜትር ቢያሳይ ምን ያደርጋል? ስለዚህ 640ውን ይተወው። በተረፈው ገንዘብ 384ቱንና አንድ በእጅ የሚያዝ ቴርማል ይግዛ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ካልቻለ በእጅ የሚያዘውን ያስቀድም። ጠመንጃው ሳይኖረው ለአንድ ሰሞን ከባልደረባው ጋር እየወጣ እያየ ይክረም። አሳማ እንዴት እንደሚሄድ፣ ጥጃ እንዴት እንደሚተኛ፣ ውሻ ጭራውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ሰው ሲያጎነብስ ምን እንደሚመስል ዓይኑ ይልመድ። ይህን ማንም ማስታወቂያ አይሸጥለትም።

ስኮፑን ሲመርጥ መነሻ ማጉሊያው ዝቅተኛ ይሁን፣ 2 ወይም 3 እጥፍ። ልዩነት የመለየት አቅሙ ከ25 ሚሊኬልቪን በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ምስሉ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚታደስ ይሁን፤ 9 ጊዜ ብቻ የሚታደሰው የሚሮጥ እንስሳ ላይ ይቆራረጣል። ባትሪው በየሱቁ የሚገኝ፣ ወጥቶ የሚቀየር ይሁን። ዋስትናው እሱ የሚኖርበት አገር የሚሠራ ይሁን፤ ሴንሰሩ ከተበላሸ ማንም የሰፈር ጠጋኝ አይነካካውምና። ስኮፑን ቀን ወደ ፀሐይ እንዳያዞረው፤ ሴንሰሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ርቀቱንም አሁኑኑ ይወስን። በኔ ፍርድ 100 ሜትር ነው። እዚያ ላይ አሳማው 20 ነጥብ አለው፤ ጆሮው፣ አፍንጫው፣ ጭራው ይለያል። ከዚያ ያለፈውን ይቅረበው፣ ወይ ይተወው። ነገ ገንዘብ አግኝቶ 640ውን ቢገዛም በዚያው 35 ሚሊሜትር ሌንስ ገደቡ ያው 100 ሜትር ነው።