ሀረዲ አባት ልጅ አያሳድግም ያለው ማነው?

ጓደኛዬ ባለፈው ቡና ላይ ስለ ሀረዲዎች (ሃይማኖታቸውን በጣም አጥብቀው ስለሚይዙት አይሁዶች) አንስቶ "እነዚህ ሀረዲዎች እኮ ሚስት ትወልዳለች፣ ሚስት ትሠራለች፣ ሚስት ታሳድጋለች፣ እሱ ቁጭ ብሎ ያነባል" ሲለኝ ዝም አልኩት፤ ምክንያቱም እኔም እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ እነሱ ሰፈር አጠገብ እስክገባ ድረስ እንደዛ ነበር የማስበው።

አሁን ግን ጠዋት ለሥራ ስወጣ የማየውን ልንገራችሁ። ጥቁር ኮፍያ ያደረገ ጢማም ሰውዬ ባለሁለት መቀመጫ የሕፃን ጋሪ እየገፋ፣ አንዱ ልጅ ጃኬቱን ይዞ፣ ሌላዋ ከኋላ እያለቀሰች። አንድ ሁለት አይደሉም፣ መንገዱ ሙሉ ነው። ነገሩ የፍቅር ብቻ ሳይሆን የሰዓት ጉዳይ ነው፤ እስራኤል ውስጥ ከሀረዲ ሴቶች 80 በመቶ ገደማ ይሠራሉ፣ ከወንዶቹ ግን ከግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። እሷ በጠዋት ወጥታ ሄዳለች፣ ኮሌል (ያገቡ ወንዶች ቶራ የሚያጠኑበት ቤት) የሚጀምረው ደግሞ 3 ሰዓት አካባቢ ነው፣ እና አንዲት እናት በአማካይ ከ6 በላይ ልጅ በምትወልድበት ቤት ልጆቹን ማኦን (የሕፃናት ማቆያ) እና ጋን (መዋዕለ ሕፃናት) የሚያደርሰው ማን ሊሆን ነው? (ይህን የምለው ስለ ሊታይም ነው፣ የወንዱን የቶራ ጥናት ከሁሉ ስለሚያስቀድሙት ሀረዲዎች፤ ሌላው የሀረዲ ወገን፣ ሀሲዲሞቹ ጋ፣ ሥራ የሚሠራው ወንድ ይበዛል።)

ግን አባትነት ብለው የሚቆጥሩት ይሄን አይደለም። የሚቆጠረው ቅዳሜ ማታ ሻባት (ሰንበት) ሲወጣ ያለው ነው። "አቮት ኡባኒም" ይሉታል፣ አባትና ልጅ ምኩራብ ሄደው ጎን ለጎን ተቀምጠው ገማራ (የታልሙድን፣ የአይሁድን የሕግ መጽሐፍ፣ ዋና ክፍል) ያጠናሉ፣ መጨረሻ ላይ ለልጆቹ ከረሜላ አለ፣ ዕጣ አለ፣ ሽልማት አለ። እውነቱን ለመናገር እኔ በዚህ እቀናለሁ። ከኢትዮጵያ የመጡ አባቶቻችን እዚህ ሲደርሱ ደብዳቤ የሚያነብላቸው ልጅ ነበር፣ ባንክ የሚያስተረጉምላቸው ልጅ ነበር፣ የቤት ሥራ ማገዝማ እንዴት ተብሎ፤ ሽማግሌው ሰውዬ በአንድ ጊዜ ከልጁ በታች ሆነ። የሀረዲው አባት ይሄ አልደረሰበትም። ልጁ የያዘው ገጽ እሱ በልጅነቱ የያዘው ገጽ ነው፣ አያቱም የያዙት ነው፣ ስለዚህ ሁሌም የሚያስተምረው ነገር አለው።

ችግሩ ገጹ ለወንድ ልጅ ብቻ መሆኑ ነው። ታልሙድ ራሱ ኪዱሺን በሚባለው ክፍሉ ላይ አባት ለወንድ ልጁ ያለበትን ግዴታ ሲዘረዝር መግረዝ፣ በኩር ከሆነ መዋጀት፣ ቶራ ማስተማር፣ መዳር፣ ሙያ ማስተማር ይላል፣ ውሃ ዋና ማስተማርም አለበት ያሉ አሉ። ሙያዋን ዛሬ ብዙ ሄደር (የወንዶች ልጆች የሃይማኖት ትምህርት ቤት) ውስጥ ዘለሏት፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ያልተማረ ልጅ 25 ዓመት ሲሞላው ሥራ ቢፈልግ አባቱም ምንም ሊረዳው አይችልም፣ ያ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሴት ልጅ ዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሯ ነው።

ወደ ማኦኑ ስመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የየሺቫ (የቶራ ትምህርት ቤት) ተማሪዎችን ከውትድርና ነፃ የሚያደርግ ሕግ የለም ካለ በኋላ፣ ውትድርና መግባት ሲገባቸው ያልገቡ አባቶች ልጆች የማኦን ድጎማ ይቋረጥ ተባለ። እስከዛ መንግሥት የኮሌል ትምህርትን እንደ ሥራ ቆጥሮ ነበር የሚደጉመው። እና እኔ የሰማሁት ጩኸት በሙሉ "እናቶቹ ሥራ ሊያቆሙ ነው" የሚል ነው። አባትየው ቤት ሊውል ይችላል ያለ ሰው አልሰማሁም፣ የሚደግፋቸውም የሚቃወማቸውም፣ ሁለቱም ወገን ማለቴ ነው።

ግን እኮ ቀትር ላይ ቤት ነው! ኮሌሉ ከ7 ሰዓት ጀምሮ ለሁለት ሦስት ሰዓት እረፍት አለው፣ ሴቶቹ ልጆች ደግሞ ከወንዶቹ ቀድመው ነው ከትምህርት ቤት የሚለቀቁት። ሽኒጽል የሚያሞቀው፣ ጸጉር የሚያስረው፣ ማን ማንን መታ የሚለውን ክስ የሚሰማው እሱ ነው። ለሴት ልጁ የሚሰጣት ጊዜ ይሄ ነው፣ ዕጣም ሽልማትም የሌለው።

ጎረቤቴን አንድ ቀን ደረጃ ላይ አገኘሁት፣ ሕፃኑን በአንድ እጅ አቅፎ፣ ሦስት ሴቶች ልጆች ቦርሳቸውን አሸክመውት፣ ሸሚዙ ላይ አርቲክ (አይስክሬም) ፈሶበታል። "ኮል ሀካቮድ (ጎበዝ)፣ አንተ ነህ የምታሳድጋቸው ማለት ነው" አልኩት። አፈረ መሰለኝ። "አይ፣ ባለቤቴን ትንሽ ላግዛት ብዬ ነው" አለኝና አንዷን ጫማሽን እሰሪ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።