«ጠጋ በሉ» የማይሠራበት ሜዳ

አዳማ ላይ የማይጠጋጋ ነገር የለም። ባጃጁ ከኋላ ሦስት ሰው ጭኖ አራተኛውን ከሹፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫ ያስተናግዳል። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው» ሲል ያ አንድ ሰው ሁልጊዜ ከነማዳበሪያው ነው። የጂቡቲ ተሳቢ የሚያልፍበት ከተማ ስለሆነም ርዝመት የሚያስደነግጠው ሰው አይገኝም። ረዳቱ ከኋላ ቆሞ «ና! ና! ና!» ይላል፤ «በቃ!» የሚለው ግንቡ ከጮኸ በኋላ ነው።

እንዲህ ያደገ ልጅ አሜሪካ ገብቶ፣ በፒካፕ የሚጎተት ቤት ገዝቶ፣ ካምፕ ለማደር በኢንተርኔት ቦታ ሊይዝ ሲል ገጹ «ከፍተኛው ርዝመት 30 ጫማ» ይለዋል። ቤቱ ጎን ላይ 28 ተጽፏል። ሁለት ጫማ ተረፈ! አዳማ ላሉት አጎቱ ደውሎ ያበስራል።

አጎትየው ጡረታ የወጡ የተሳቢ ሹፌር ናቸው (አዳማ ተወልዶ እንዲህ ዓይነት አጎት የሌለው እጁን ያውጣ)። «የለካኸውን ነው ወይስ ያነበብከውን?» ይላሉ።

ጋሼ ልክ ናቸው። ያ ቁጥር የሞዴል ስም ነው፤ ብዙ ጊዜ የሳጥኑን ርዝመት ብቻ ይጠቁማል፣ አንዳንዴ እሱንም በቅጡ አይናገርም። ከፊት ያለው የመጎተቻ ብረት ብቻውን ከ3 እስከ 4 ጫማ ይጨምራል። ከኋላ ደግሞ ፓራውልቱ፣ መሰላሉ፣ የቢስክሌት መስቀያው አለ። 28 የተባለው ሲለካ 32 ይወጣል፤ በእኛ 9 ሜትር ከ75። ደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ ከመጎተቻው ጫፍ ቱንቢ መጣል፣ ከኋላም እጅግ ወጣ ካለው ዕቃ እንዲሁ መጣል፣ ሁለቱን ነጥብ በኖራ ምልክት አድርጎ ሜትር መዘርጋት ነው። በእርምጃ መለካቱ ለመሬት ደላላ ይቅርለት።

ቀጥሎ ያለው ይብሳል። አንዳንዱ ካምፕ 30 ሲል ተሳቢውን ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ከነጎታቹ። ባለ ሁለት ጋቢናው ፒካፕ 19 ጫማ ቢሆን ድምሩ 51 ነው፤ ከ15 ሜትር በላይ! ስለዚህ ከቁጥሩ ሥር ያለችው ደቃቃ ጽሑፍ ትነበብ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ያለው አፐር ፓይንስ ካምፕ የራሱ ሞተር ላለው ቤት 35 ጫማ ሲፈቅድ ለተሳቢ 24 ብቻ ነው። ተሳቢ ብቻውን አይመጣማ።

ገደቡ የሚወጣውም በማቆሚያው ርዝመት ብቻ አይደለም። ኩርባ ላይ የተሳቢው ጎማ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ ጭራው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዛፍ ደግሞ ጠጋ በል ቢሉት አይሰማም። በኋላ ማርሽ የሚገባበት ቦታ ከሆነ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ስፋት ይታይ። በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጡበት ከተገኘ ለጀማሪ እሱን የሚያህል የለም። ግድግዳው ወደ ጎን የሚከፈት ቤት ያለው ሰው ስፋቱንም ይለካ፤ አለዚያ ሳሎኑ ግንድ ላይ ተደግፎ ያድራል።

«ጋሼ፣ ዝም ብዬ 30 ብዬ ብሞላውስ?»

ይሞላል፤ ገጹ አይከራከርም። ችግሩ አርብ ማታ በር ላይ ነው። ተቆጣጣሪዋ ወደ ኋላ ዞራ ታያለች፣ ሌላው ቦታ ሁሉ ተይዟል፣ ገንዘቡም ላይመለስ ይችላል። «እህቴ፣ ለአንድ ሌሊት እኮ ነው» ብሎ ልመና እዚያ በር ላይ አያስገባም።

«እሺ፣ 32 ብዬ እሞላለሁ» ይላል ልጁ በመጨረሻ።

«ቢስክሌቶቹን ጨምረህ?»

«ሄሎ? ጋሼ፣ አይሰማም… ኔትወርክ ነው መሰለኝ።»