ሞዛይኩን ትታችሁ ነሐሱን እዩ

ጀርመን ያለን ሐበሾች እንግዳ ሲመጣብን ኮሎኝ ካቴድራል ፊት ፎቶ አንስተን እንመልሰዋለን። ከዚያ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ቢኬድ አኸን ናት። የአኸን ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ በመጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቅርሶች አንዱ ነው፤ እዚያው ዝርዝር ላይ ላሊበላና የሰሜን ተራሮችም አሉ።

የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ ያሠራው ጥንታዊው ክፍል መሀል ላይ ነው። እንደገባችሁ ወደ መስኮቶቹ አትቸኩሉ፤ ከላይ ከተንጠለጠለው ክብ መቅረዝ ሥር ቆማችሁ ማዕዘኑን ቁጠሩ። የውስጡ ስምንት፣ ዙሪያውን የሚከበው የውጭ ግድግዳ አሥራ ስድስት ነው። ክብ ቤተ ክርስቲያን ለለመደ ሐበሻ ነገሩ ባዳ አይደለም። እኛ ዘንድ ግን መሀሉ መቅደስ ነው፣ ይጋረዳል፤ እዚህ መሀሉ ክፍት ነው፣ ንጉሡም ከፎቅ ሆኖ ቁልቁል ያያል። ከእብነ በረድ ሰሌዳዎች የተገጣጠመውን ዙፋኑን ለማየት ከአስጎብኚ ጋር መውጣት ግድ ነው።

የሚያብለጨልጨው አያታላችሁ። የጉልላቱ ሞዛይክ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የሻርለማኝ ዘመን እጅ ያለበት የፎቁ የነሐስ አጥርና «የተኩላ በር» የሚሉት ከባድ የነሐስ በር ነው። በሩ ላይ ካለው የአንበሳ አፍ ውስጥ ጣት ከትቶ መዳበስ የከተማው ልማድ ነው፤ ለግንባታው ገንዘብ ሰጥቶ መጀመሪያ የሚገባውን ነፍስ ሊወስድ የተዋዋለው ሰይጣን፣ ተታሎ በሰው ነፍስ ፈንታ የተኩላ ነፍስ ሲደርሰው፣ በንዴት በሩን ወርውሮ ሲዘጋ አውራ ጣቱ እዚያ ቀረ ይላሉ። የፎቁን ዓምዶች ደግሞ የፈረንሳይ ጦር በ1794 ነቅሎ ፓሪስ ወሰዳቸው። በ1815 የተመለሱት ከፊሎቹ ብቻ ናቸው፣ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም የቀሩ አሉ። መቅደላን የሚያስታውስ ሰው እዚህ ጋ ትንሽ ይቆማል።

የተገነባና የተፈለፈለ ቤት ሕመማቸው ለየቅል ነው። አኸን ላይ ጠላቱ የራሱ የጉልላቱ ክብደት ነው፤ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ግንበኞቹ ይህን አውቀው ድንጋዩ ውስጥ የብረት መቀነት ቀብረውለታል። ዛሬም ካቴድራሉ የራሱ ቋሚ የጥገና ወርክሾፕ አለው። ላሊበላ ግን አንድ ወጥ አለት ስለሆነ የሚገፋው የለም፤ ጠላቱ ከላይ ሰርጎ ስንጥቁን የሚያሰፋው ዝናብ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት መጠለያዎች ዝናቡን ቢከለክሉም፣ ለጊዜው ተብለው ቆመው እነሱ ራሳቸው ሌላ ስጋት ሆኑ። ቤተ ጊዮርጊስ መጠለያ የለውም፤ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጣሪያው ውሃውን ዛሬም በተፈለፈለለት አሸንዳ ይተፋል።